ሙሉውን ሰምተሽዋል?

ዛሬ የማካፍላችሁ በቤታችን ስለ ሰማናቸው አራት አልበሞች ነው። እኔ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ኖታ አላነብም፤ መሣሪያ አልጫወትም። እንደ እናንተው አድማጭ ነኝ። ነገር ግን አድማጭነት ራሱ ኃላፊነት እንዳለበት ያወቅሁት በቅርቡ ነው፤ ያወቅሁትም በገዛ ቤቴ ውስጥ በሠራሁት ጥፋት ነው። ጥፋቴን የምነግራችሁ እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ኩሽና ቆሜ ሽንኩርት አቁላላለሁ። የ17 ዓመት ልጃችን ስልኳን ይዛ መጣችና ትንሿን ስፒከር ፍሪጁ ላይ አስቀመጠች። «እማዬ፣ እስቲ ይህን ስሚው። አዲስ የወጣ አልበም ነው» አለችኝ። ፊቷ ላይ የሆነ ደስታ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ድስቱን ነው። መዝሙሩ በድራም ጀመረ፤ ቤዝ ጊታሩ ቀጠለ፤ ከዚያ የአንድ ወጣት ድምፅ ገባ። የአጥቢያችን ወጣቶች ያወጡት አልበም እንደሆነ ገባኝ። አንድ ደቂቃ ያህል እንደ ሰማሁ ማንኪያዬን አስቀመጥኩና «ዝጊው ልጄ፤ ይሄ ዘፈን እንጂ መዝሙር አይደለም» አልኳት። ምንም አላለችም። ዘጋችው፤ ስፒከሯን አንስታ ወጣች።

ባለቤቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ ለእሁድ ስብከት እየተዘጋጀ ነበር። መጽሐፉን ሳይዘጋ «ሙሉውን ሰምተሽዋል?» አለኝ።

«ገና ከጅምሩ የታወቀ ነገር ምን ሙሉ መስማት ያስፈልገዋል?» ብዬ መለስኩለት።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። እሮብ ዕለት በእህቶች የጸሎት ጊዜ ቃል የማካፍለው እኔ ነበርኩ። ርእሴ ወደ ቤታችን ስለምናስገባው ድምፅ ነበር። ስም አልጠራሁም፤ ግን የትኛውን አልበም እንደምናገር ያልገባው ሰው አልነበረም። እህቶች «አሜን» አሉ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት እህት ብቻ አቀርቅራ ቀረች። ያቺ እህት የዚያ ወጣት እናት ነበረች። የዕቁብ ዕጣዋን ለስቱዲዮ ክፍያ እንደ ሰጠች የሰማሁት በኋላ ነው።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቤታችን ዝም አለ። ልጄ ዕቃ ስታጥብ የምታዜመው ዜማ የለም። ሐሙስ ሐሙስ ወደ መዘምራን ልምምድ መሄዷን አቆመች። ስጠይቃት «ፈተና ደርሷል» ትላለች። አንድ ምሽት ባለቤቴን «ይህች ልጅ ምን ሆነች?» አልኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «በዚያ መዝሙር ከልጁ ኋላ የምትቀበለው የሴት ድምፅ የማን ይመስልሻል?» አለኝ።

እኔ የሴት ድምፅ አልሰማሁም ነበር። ልጄ የምትገባው ሁለተኛው አዝማች ላይ ነው። እኔ ያዘጋሁት ከዚያ በፊት ነው።

ከመስማት በፊት መመለስ

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አባቷ ያውቅ ኖሯል፤ «ለእማዬ ራሴ ላሰማት፤ እንዳትነግራት» ብላው ነበር። ወደ ኩሽና የመጣችው የመጀመሪያ ሥራዋን ልታሳየኝ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ መጽሐፈ ምሳሌን ተምሬአለሁ፤ እህቶችንም አስተምሬበታለሁ። ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ይናገራል። ይህንን ክፍል ሁልጊዜ የማስበው ስለ ባልና ሚስት ጭቅጭቅ ነበር። ለመዝሙርም እንደሚሠራ አስቤ አላውቅም። ደግሞም የሜልኮል ታሪክ ትዝ አለኝ። በ2ኛ ሳሙኤል 6 ላይ ዳዊት በእግዚአብሔር ታቦት ፊት ሲዘል ሜልኮል ያየችው በመስኮት ነበር። አልወረደችም፤ ከሕዝቡ ጋር አልቆመችም፤ ከላይ ሆና አየችና በልቧ ናቀችው። እኔም በኩሽናዬ መስኮት ላይ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ለባለቤቴ «ምን ላድርግ?» አልኩት። እርሱም ልክ እንደ ፓስተርነቱ ምክር ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ «መስማት እንማር» አለኝ። ቤታችን ውስጥ አንድ ሥርዓት አወጣን። ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሰማለን። እስኪያልቅ ማንም አስተያየት አይሰጥም፤ ስልክ አይነካም። ሲያልቅ ከታናሹ ጀምሮ እያንዳንዱ የተሰማውን ይናገራል። አልበሙን በየተራ እንመርጣለን። ልጄ መጀመሪያ በግድ ነበር የተቀመጠችው።

የእኔ ምርጫ፦ ተስፋዬ ጋቢሶ

የመጀመሪያው ተራ የእኔ ሆነ። ያደግሁበትን የተስፋዬ ጋቢሶን ካሴት መረጥኩ። ለእኔ አሮጌ ነው፤ ለልጄ ግን አዲስ ነበር። ስሙን ታውቃለች፤ መዝሙሮቹንም በሌሎች ድምፅ ሰምታለች፤ እርሱን ራሱን ግን ቁጭ ብላ ሰምታ አታውቅም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ይህ የጌታ አገልጋይ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። ያን ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ይዘጉ ነበር፤ አማኞች በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰቡ ነበር። ዘማሪው ሊመጣ በማይችልበት ቤት ካሴቱ ይገባ ነበር። ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው እየተቀዳ፣ በእያንዳንዱ ቅጂ ድምፁ እየደከመ፣ መልእክቱ ግን እየበረታ ከከተማ ወደ ከተማ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላይላ ባሊስኪ የተባሉ ጸሐፊ ስለ እነዚህ መዝሙሮች አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። የእኛ የቤት መዝሙር በውጭ አገር ሰው ሲጠና እኛ ልጆቻችንን አለማስቀመጣችን አሳፈረኝ።

አልበሙ ሲያልቅ ልጄ የተናገረችውን ልንገራችሁ። «ቅጂው ይንሿሿል፤ መሣሪያው ጥቂት ነው» አለች። ልቆጣ አፌን ስከፍት ባለቤቴ አየኝ፤ ዘጋሁት። እርሷም ቀጠለች፤ «ግን አይቸኩልም። ቃሉን እስክትጨርሺው ይጠብቅሻል። የእኛ አልበም ላይ ማንም ማንንም አይጠብቅም።» ከዚያ «ሲታሰር ወጣት ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አባቷ «አዎን፣ ወጣት ነበር» አላት። ዝም ብላ አሰበች።

የእኔ አስተያየት፦ ይህ አልበም ዛሬም ያንጸኛል። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፤ ከምወደው ውስጥ ግማሹ መዝሙሩ ሲሆን ግማሹ የራሴ ልጅነት ነው። ትዝታዬን ከመንፈሳዊነት ጋር እንዳምታታሁ የተረዳሁት ያን ማታ ነው። ልጆቻችንን «የድሮው ይሻላል» ስንላቸው የትኛውን ማለታችን ነው? ቃሉን ነው ወይስ ወጣትነታችንን?

የባለቤቴ ምርጫ፦ አሬታ ፍራንክሊን

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለቤቴ ያመጣው አስደነገጠኝ። አሬታ ፍራንክሊን በዓለማዊ ዘፈን የታወቀች አሜሪካዊት ናት። «ፓስተር፣ ይሄ እኛ ቤት?» አልኩት። «ሙሉውን እንስማ» አለኝ።

አልበሙ «አሜዚንግ ግሬስ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1972 በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንዲት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በሁለት ምሽት፣ ጉባኤ በተሰበሰበበት የተቀዳ ነው። ሕንጻው ቀድሞ ሲኒማ ቤት ነበር። በሲኒማ አዳራሽ ያመለኩ ወገኖች ይህ ብዙም አይገርማቸውም። ፒያኖውን የያዙትና ጉባኤውን የመሩት ቄስ ጄምስ ክሊቭላንድ ናቸው። ከኋላ ትልቅ ኳየር አለ። አሬታ ያን ጊዜ 29 ዓመቷ ነበር፤ የፓስተር ልጅ ናት። እናቷ የሞቱባት ገና አሥር ዓመት ሳይሞላት ነው። መዘመር የጀመረችው በአባቷ ቤተ ክርስቲያን፣ ዲትሮይት ውስጥ ነበር።

የአልበሙ መጠሪያ የሆነውን መዝሙር የጻፉት ጆን ኒውተን ናቸው። በወጣትነታቸው የባሪያ ንግድ መርከብ አዛዥ ነበሩ፤ በኋላ ንስሐ ገብተው ቄስ ሆኑ። መዝሙሩም በእንግሊዝ አገር ኦልኒ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1773 የዘመን መለወጫ ቀን ለምእመናናቸው የቀረበ ነው። የባሪያ ነጋዴ የጻፈውን መዝሙር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የባሪያዎች ዘር የሆነች ሴት ከአሥር ደቂቃ በላይ ስትዘምረው ሰማን። እያንዳንዱን ቃል ታቆየዋለች፤ ታዞረዋለች፤ ልትለቀው አትፈልግም። ጉባኤው ይጮኻል፤ ያለቅሳል።

ያላስደሰተኝም ነገር ነበረ። ለእኔ ጆሮ ጩኸቱ በዛብኝ። እንዲህ ያለ ችሎታ ሲሰማ የሚደነቀው ዘማሪው ይሁን ጌታ ለመለየት ያስቸግራል። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህንኑ ጭንቀት ጽፎታል፤ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ልቡን ሲነካው በደል እንደሠራ ይቆጥረው ነበር። እርሱ ግን መፍትሔው ዜማን ማስወገድ ነው አላለም፤ በመዝሙር ያገኘውን ጥቅም አስታውሶ በቤተ ክርስቲያን መዘመሩን ደገፈ።

ከሁሉ የነካኝ ግን መዝሙር አልነበረም። በሁለተኛው ምሽት አባቷ መጡ። በጉባኤው ፊት ተነሥተው ስለ ልጃቸው ተናገሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ እንዳልወጣች መሰከሩላት። ብዙ አማኞች ዓለም ወሰዳት ብለው በሚያሟት ጊዜ አባት በአደባባይ ለልጁ ቆመ። ይህን ስሰማ ቀና ብዬ ልጄን ማየት አልቻልኩም። እኔ ስለ ልጄ ድምፅ በአደባባይ የተናገርኩት ምን ነበር? ባለቤቴ አልበሙን የመረጠበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። አልገሠጸኝም፤ አሰማኝ እንጂ።

የልጄ ምርጫ፦ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ

ሦስተኛው ተራ የልጄ ነበር። የወጣት ጩኸት ጠብቄ ፒያኖ ሰማሁ፤ ቀጥሎም የአንዲት ሴት ለስላሳ ድምፅ በአማርኛ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚስዮናውያን እጅ የተማሩ ታዋቂ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ ጣልያን ተወሰዱ። በኋላ ካይሮ ሙዚቃ አጠኑ፤ ከዚያም በ21 ዓመታቸው በግሸን ማርያም መነኮሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች መርጃ ነበር። የኋላ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም ገዳም አሳልፈው እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ልጄ ያሰማችን አልበም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ነው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤታቸው ተቀምጠው ራሳቸው በቴፕ የቀዱትን የያዘ ነው።

እርሳቸው የኦርቶዶክስ መነኩሲት ናቸው፤ እኛ ወንጌላውያን ነን። በአስተምህሮ የምንለይበት ነገር አለ፤ አልደብቀውም። አልበሙም የአምልኮ አልበም አይደለም፤ የናፍቆትና የሐዘን ነው። ለጉባኤ ይሆናል አልልም። ሆኖም ሀገርና ወገን የናፈቀ፣ የሚወደው የራቀበት ሰው በየጉባኤያችን ስንት አለ? ልጁ ዓረብ አገር የሄደችበት እናት ምን ትሰማለች? መዝሙረ ዳዊት የልቅሶ መዝሙር ሞልቶታል። በእኛ አዳዲስ አልበሞች ውስጥ ግን ልቅሶ ለማግኘት ይቸግራል። ሁሉም ድል ነው፤ ሁሉም በረከት ነው። ያዘነ ሰው በእኛ መዝሙር ውስጥ የት ይቀመጥ?

ልጄን «ለምን ይህን መረጥሽ?» አልኳት። «ማንም የሚሰማቸው አይመስላቸውም ነበር» አለችኝ። «ብቻቸውን ቤት ውስጥ ነው የሚዘፍኑት። ማንም ዝጊው አይላቸውም።»

መልስ አልነበረኝም።

አራተኛው አልበም

በአራተኛው ቅዳሜ ተራው የእኔ ነበር። ያንን የወጣቶቹን አልበም አመጣሁ። ልጄ ልትነሳ ስትል «እባክሽ ተቀመጪ» አልኳት። ዘጠኙንም መዝሙር ሰማን። ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምፅዋ ገባ። ቀጭን ነው፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ንጹሕ ነው። ሽንኩርት እያቁላላሁ አለመሆኔ ጠቀመኝ፤ የሚያስለቅሰኝ ምን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን።

አስተያየቴን ግን በእውነት ነው የሰጠሁት። ፍቅር ማለት ያልወደዱትን ወደድኩ ማለት አይደለም። ሁለቱ መዝሙሮች ላይ ድራሙ ቃሉን ውጦታል። ሦስተኛው መዝሙር ከዳር እስከ ዳር «እኔ፣ እኔ» ይላል፤ ክርስቶስ ምን እንዳደረገልን አይናገርም። ሰባተኛው መዝሙር ግን በትዝታ ቅኝት የተሠራ ስለ መስቀሉ የሚናገር ነው፤ ቀብሬ ላይ ቢዘመር ደስ ይለኛል። «ዘፈን ነው» ያልኩት የመጀመሪያው መዝሙር ደግሞ ቃሉ ሙሉ በሙሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሆኖ አገኘሁት። ዜማው ዓለማዊ መስሎኝ ነበር። ለካ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል የሀገራችን ቅኝቶች እንጂ የመጠጥ ቤት ንብረት አይደሉም።

ከዚያ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሳልሰማሽ ፈረድኩብሽ» አልኳት። ወዲያው አላቀፈችኝም፤ እንደ ፊልም አልሆነም። ጥቂት ቆይታ «ሦስተኛውን መዝሙር እኔም አልወደድኩትም ነበር» አለች። ለእኔ ያ በቂ ነበር።

ቀሪው ከዚህ ይልቅ ከበደኝ። በአደባባይ የተናገርኩት በአደባባይ መመለስ ነበረበት። እሮብ በእህቶች ፊት ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። ከኋላ የምትቀመጠዋ እህት በመጨረሻ መጥታ እጄን ያዘች። «ልጄ ሁለተኛ አልዘምርም ብሎኝ ነበር» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከነልጇ እቤታችን መጥተው አብረን አዳመጥን። ስለ ሦስተኛው መዝሙር ያለኝን ለእርሱም ነገርኩት፤ ማስታወሻ ያዘ። ልጄም ከሁለት ወር በኋላ ሐሙስ ማታ ልብሷን ለብሳ «ልምምድ ልሄድ ነው» አለች። ከዚያ በፊት ግን ያለፉት ሐሙሶች ሁሉ ጠፍተዋል፤ የሚመልሳቸው የለም።

በቤታችሁ እንዲህ አድርጉ

የተወደዳችሁ ባልና ሚስቶች፣ እናቶችና አባቶች፣ ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ ሙሉውን ስሙ። ያዕቆብ በመልእክቱ 1፥19 ለመስማት እንድንፈጥን፣ ለመናገር እንድንዘገይ ያሳስበናል። አንድ አልበም ለመስማት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለሰው ልጅ የዓመት ልፋት አንድ ሰዓት አይበዛም።

ሁለተኛ፣ ቃሉን ከዜማው ለይታችሁ መርምሩ። ቃሉ እውነት ነው ወይ? ስለ ክርስቶስ ይናገራል ወይ? ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥15 በመንፈስም በአእምሮም ስለ መዘመር ጽፏል። ዜማው ባይስማማችሁ ግን «እኔን አልተስማማኝም» በሉ እንጂ «እግዚአብሔርን አልተስማማውም» አትበሉ።

ሦስተኛ፣ የትኛው ለጉባኤ፣ የትኛው ለቤት እንደሆነ ለዩ። ለጉባኤ የማይሆን ሁሉ ክፉ አይደለም።

አራተኛ፣ ያልወደዳችሁትን ለዘማሪው ለራሱ በፍቅር ንገሩት። ከጀርባ የሚነገር እውነት እንኳ ያቆስላል፤ ኤፌሶን 4፥29 የሚያንጽ ቃል ከአፋችን እንዲወጣ ነው የሚጠይቀን።

አምስተኛ፣ ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ ሲሳሳቱ እንደ ባለቤቴ ጠይቁ። እርሱ «ተሳስተሻል» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እከራከረው ነበር። «ሙሉውን ሰምተሽዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አሁን አሁን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስታወራኝ፣ እህቶች ችግራቸውን ሲያጫውቱኝ፣ ባለቤቴም ደክሞት ሲገባ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጌታ የሚሰማ ጆሮ ይስጠን። አሜን።